ከአቃቂ ረግረግ ዳር፤ ግማሹ የቀረ ፎቶግራፍ

አዲስ አበባን በደቡብ በኩል ለቅቃችሁ፥ ሳሪስን አልፋችሁ ቃሊቲ ስትደርሱ፥ በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ ቸኳይ ነው። የጭነት መኪናው ወደ ጅቡቲ ይቸኩላል፤ የቤት መኪናው በ2007 ዓ.ም. ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ወደ ተከፈተው ፈጣን መንገድ ለመግባት ይቸኩላል፤ የታክሲው ረዳት «አቃቂ! አቃቂ!» እያለ ሲጣራ ድምፁ ራሱ ይቸኩላል። ስለዚህ ከመንገዱ በስተቀኝ፥ ከፋብሪካዎቹ አጥርና ከመጋዘኖቹ ቆርቆሮ ባሻገር ምን እንዳለ ለማየት አንገቱን የሚያዞር መንገደኛ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ፥ አንባቢዎቼ ሆይ፥ አንገታችሁን ጥቂት እንድታዞሩ እለምናችኋለሁ።

ያ ሜዳ ዋልካ መሬት ነው። በክረምት ጫማ ይውጣል፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጤፍ፥ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ከሰሜን የሚወርዱት ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ጎርፍ፥ ከጎርፉም ጋራ የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ተሸክመው ወደዚያ ይሄዳሉ። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ውኃው ወደ አዋሽ ይቀጥላል። ግድቡ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፥ በአገራችን ከውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ካመነጩት ጣቢያዎች ከቀደምቶቹ ይቈጠራል። ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ማመንጨት ጀምሯል፤ ኃይሉም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ስለ መብራት ላወራችሁ አልተነሣሁም። ውኃው በሚተኛበት፥ ፊላና ደንገል በበቀለበት ዳር ዳር፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ከሩቅ አገር የመጡ ወፎች ይከርማሉ። ነገሬ ስለ እነርሱ፥ እነርሱን ስለ ተኮሱ ሰዎችና እነርሱን ከሣር ውስጥ ስላስነሣ አንድ ልጅ ነው።

ልጁ ዛሬ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው።

የተገናኘነው ቃሊቲ፥ ለቅሶ ቤት ነበረ። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፥

«ፎቶግራፍ ታነሣለህ አሉ፥ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን፥ አባባ፤ ሙያዬ ግን አይደለም፤ በዕረፍት ጊዜዬ ነው» አልኋቸው።

«እኔም አንድ ፎቶግራፍ ላይ አለሁ።» ቡናቸውን ፉት ብለው ጥቂት ዝም አሉ። «ማለቴ፥ ግማሼ አለ።»

እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ ካሜራውን ይሽጥ። በሚቀጥለው እሑድ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ አቃቂ ከቤታቸው ሄድሁ። ከአልጋቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ከጉልበታቸው ላይ ፈቱት። ፎቶግራፉ ሁለት መዳፍ ያህል ነው፤ ጠርዙን ብል ቀማምሶታል። በመካከል ካባ የደረቡ አንድ ባለ ርስት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በግራና በቀኝ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ አድርገው፥ ባለ ሁለት አፍ የወፍ ጠመንጃቸውን በጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከኋላ አራት አሽከሮች ቆመዋል። ከፊት፥ ከሣሩ ላይ፥ የተገደሉት ወፎች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ ቆቅ ከቆቅ፥ ጅግራ ከጅግራ፥ ዳክዬ ከዳክዬ ጋራ፥ ልክ ለገበያ እንደ ተዘረጋ ዕቃ። ከሁሉም በስተቀኝ፥ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፥ ሁለት ጅግሮች በእግራቸው አንጠልጥላ የያዘች አንዲት ቀጭን እጅ አለች። ከእጇ በታች አንድ ጉልበትና አንድ ባዶ እግር ይታያሉ። የቀረው አካል ከወረቀቱ ውጭ ነው።

«ይህች እጅ የእኔ ናት» አሉ። ጀርባውን ሲገለብጡት በእርሳስ «አቃቂ፤ ጥር 1953» የሚል አነበብሁ።

ፎቶግራፉ ከባለ ርስቱ አዳራሽ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ባለ ርስትና ጭሰኛ መባባል ቀረ፤ የጌታው ቤተ ሰብም ቤቱን ለቅቆ ሄደ። ቤቱ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሲሆን በግድግዳው ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ደጅ ተጣለ። ሽማግሌው ያን ጊዜ የማኅበሩ አባል ነበሩ። ጓደኞቻቸው መስተዋቱን ፈልገው ከክፈፉ ሲያወጡት፥ እርሳቸው ወረቀቱን ለመኑ። «ጌታዬን ልሸሽግ መስሏቸው ነበር፤ ስቀውብኝ ሰጡኝ። እጄን ልወስድ መሆኔን ማን ይወቅ?» አሉኝ።

አሁን፥ አንባቢዎቼ ሆይ፥ ያ የወፍ አደን እንዴት ይደረግ እንደ ነበረ እርሳቸው እንደ ነገሩኝ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ከውጭ አገር ቢመጣም እኛ ዘንድ ሲደርስ የእኛን መልክ ይዞ ነበር።

ጊዜው ጥር ነው፤ ለዚህም ብዙ ምክንያት አለው። መኸር ተሰብስቧል፥ ልጆች ከጥበቃ ሥራ ተፈትተዋል። ጾመ ነቢያት አልፏል፥ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። ከሩሲያና ከሳይቤሪያ በኩል የመጡት ዳክዬዎች በውኃው ላይ ሞልተዋል፤ ቆቁና ጅግራውም ቃርሚያ በልተው ወፍረዋል። ረቡዕና ዓርብ አደን የለም፤ የሚበላው የለምና። ባለ ርስቱ እንግዶቹን ከከተማ ጋብዞ ሲያመጣ፥ ከየጭሰኛው ቤት አንዳንድ ልጅ ይጠራል። ልጆቹ ዱላ ይዘው፥ በሁለት ሰው መካከል አሥር እርምጃ ያህል ትተው ይሰለፋሉ። እነዚህ አስነሺዎች ይባላሉ። ተኳሾቹ ከሜዳው ወዲያ ጫፍ በዝምታ ይቆማሉ። ከዚያ ልጆቹ «ሆ! ሆ!» እያሉ ሣሩን በዱላ እየደበደቡ ይሄዳሉ። ጅግራ መጀመሪያ በእግሩ ይሮጣል፤ ሮጦ ሮጦ መሸሸጊያ ሲያጣ ብቻ ይነሣል። ቆቅ ግን ከእግራችሁ ሥር እስክትደርሱ ድረስ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፤ ከዚያ በድንገት ቱር ብሎ ሲነሣ ልባችሁን ይዞት ይነሣል። ንቁ ሰውን «ቆቅ ነው» የምንለው በከንቱ አይደለም።

ወፉ ሲወድቅ ሌላ ሩጫ አለ። በእንግሊዝ አገር የወደቀውን ወፍ ውሻ ሄዶ ያመጣዋል፤ ሞቶም ቢመጣ ለበላተኛው ግድ የለውም። በእኛ አገር ግን ወፉ ነፍሱ ሳትወጣ መታረድ አለበት፤ አለዚያ በክት ነው። ስለዚህ ከልጆቹ ኋላ አንድ ካራ የያዘ ጎልማሳ ዐራጅ ይከተላል። ልጁ የቆሰለውን ጅግራ አንሥቶ እየሮጠ ያመጣል፤ ዐራጁ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይባርካል። ሽማግሌው በዚህ ሩጫ እጅግ የታወቁ እንደ ነበሩ ሲነግሩኝ ቀና ብለው ተቀመጡ። አንዳንድ ጊዜ፥ ሲደርሱ ወፉ ዐይኑን ከድኖ ከሆነ፥ እንዲነቃ አንገቱ ላይ እፍ ይሉበት ነበር። ዐራጁም አንዳንድ ጊዜ አይቶ እንዳላየ ይሆን ነበር። ይህን ለንስሐ አባታቸው መናገራቸውን አልጠየቅኋቸውም።

ዳክዬውና ዝዩ ግን የእንግዶቹ ድርሻ ነበሩ። እግሩ እንደ መቅዘፊያ የሆነ የውኃ ወፍ መብላት በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ዳክዬ ሲወድቅ ማንም ካራ አይመዝም፤ ልጆቹ እስከ ደረታቸው ከውኃ ገብተው ያመጡታል፥ እንግዳው በመኪናው ኋላ ጭኖ ወደ ከተማ ይወስደዋል። ለቀኑ ድካም የልጅ ዋጋ ስሙኒ ነበረች።

ይህ የአደን ሥርዓት በተወለደበት አገር ምን ያህል እንደ ገነነ ለማወቅ አንድ ቀን ብቻ ልጥቀስላችሁ። በ1906 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር 18 ዲሴምበር 1913፥ የእንግሊዝ ንጉሥ አምስተኛው ጆርጅ ሆል ባርን ከሚባል የመኳንንት ርስት ላይ ከጋባዡና ከሌሎች እንግዶች ጋራ ወጥተው በአንድ ቀን 3937 ፌዛንት የሚባሉ ወፎች ተገድለዋል። ወፎቹ ለመተኰስ ሲባል የተረቡ ናቸው። ሁለተኛው የሪፐን ማርኲስ የተባሉት መኰንን ደግሞ በዕድሜያቸው ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ እንስሳና ወፍ ገድለው፥ በ1923 በአውሮፓ አቈጣጠር ወፍ ሲተኩሱ ቆይተው እዚያው ከሜዳው ላይ ሞቱ። የእኛ ባለ ርስት ሠላሳ አርባ ወፍ ደርድሮ ፎቶግራፍ ሲነሣ፥ ከዚህ ትልቅ ሥዕል ትንሽ ግልባጭ ማስቀረቱ ነበረ።

ስለ ፎቶግራፍ ካነሣን ዘንድ፥ የድሮዎቹ የአደን ፎቶግራፎች ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት እንደ ሆኑ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሙያውን ለልጆቹ አውርሷል። ነገር ግን በሦስት እግር ላይ የሚቆመው ሣጥን የሚመስለው መሣሪያ የሚበርን ወፍ ለመያዝ አይችልም ነበር፤ ለመክፈትና ለመዝጋት ጊዜ ይወስድበታል፥ ወፉም ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የሚነሣው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ይኸውም የተቀመጠ ጌታ፥ የቆመ አሽከርና የሞተ ወፍ። በ1953 ዓ.ም. ትንንሾቹና ፈጣኖቹ ካሜራዎች በዓለም ላይ ሞልተው ነበር፤ ከከተማ ተከፍሎት አቃቂ የመጣው ፎቶግራፍ አንሺ ግን ባለ ሦስት እግሩን ይዞ መጣ። ልጁ ከጅግሮቹ ጋራ ሲንቀሳቀስበት «ወዲያ በል!» አለው። ልጁ ወዲያ አለ፤ ሲልም ግማሹ ቀረ።

እንግሊዞች መተኰስንና ፎቶግራፍ ማንሣትን በአንድ ቃል ይጠሩታል። እኛ ግን «ማንሣት» እንላለን። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው፥ «ታዲያ እኔም አስነሺ ነበርሁ፤ እርሱም አንሺ ነበረ፤ ምነው ሳያነሣኝ ቀረ?» ብለው ሣቁ።

ከሣቁ በኋላ ሸሚዛቸውን ከግራ ትከሻቸው ዝቅ አድርገው አሳዩኝ። ከቆዳቸው ሥር አንዲት ትንሽ ጠንካራ ነገር አለች፤ በጣት ስትነካ ትንሸራተታለች። የወፍ ጠመንጃ እርሳስ ናት። በዚህ አደን የታወቀ ሕግ አለ፤ ከወፉ በስተኋላ ሰማይ ካልታየ በቀር አይተኰስም፤ ዝቅ ብሎ የሚበር ወፍ ከኋላው ሰው ይኖራልና። አንድ እንግዳ ቸኰለ፥ ቆቁ ዝቅ ብሎ አለፈ፥ ልጁ ወደቀ። ለአባቱ አምስት ብር ተሰጥቶ ነገሩ በዚያው አለቀ። እንግዳው ማን እንደ ነበረ ስሙን እንኳ አያውቁትም። «ደግ ሰው ነበረ፤ ደንግጦ አለቀሰ» አሉኝ። እኔ ግን ለዚያ እንባ ብዙ ዋጋ ለመስጠት አልቻልሁም።

ከዚያም ልመናቸውን አወጡ። «ከዚያው ቦታ ላይ በሙሉ አንሣኝ።»

በጥር ወር፥ በአንድ ቅዳሜ፥ ገና ሳይነጋ ከቤቴ ወጣሁ። እንደ እናንተ ደመወዙን በወሩ አጋማሽ የሚፈልገው ሰው ስለ ሆንሁ፥ ረጅሙን የካሜራ መነጽር የተዋስሁት ከጓደኛዬ ነው። ይህን የምጽፈው ተስፋ እንዳትቈርጡ ነው፤ የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ሰው የስልኩን ካሜራ ከመነጽሩ ላይ ገጥሞ ለማስታወሻ የሚበቃ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ይችላል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈልገው መቆሚያን መምረጥ ነው። ዳክዬና ዝይ ከውኃ ላይ ሲነሡ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አድርገው ነው። በበጋ ጧት ደግሞ ነፋሱም ፀሐይዋም ከምሥራቅ ናቸው። እንግዲህ ከውኃው በስተምሥራቅ ቁሙ፤ ብርሃኑ ከኋላችሁ ይመጣል፥ ወፉም ወደ እናንተ እያየ ይነሣል። የሚበርን ክንፍ ሳይደበዝዝ ለመያዝ ካሜራችሁን በሰከንድ አንድ ሺኛ ወይም ከዚያ በፈጠነ ላይ አድርጉት። አደን ባለበት አገር ይህን ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከተኳሾቹ ኋላና ጎን እንጂ ፊት አትቁሙ፤ ምክንያቱን ከሽማግሌው ትከሻ ላይ አይታችኋል።

ከጧቱ በ12 ሰዓት ተኩል ከውኃው ዳር ነበርን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው፥ በዱላቸው መንገዱን እየመቱ ከእኔ ቀድመው ሄዱ። ጉሙ ገና አልተነሣም። የውኃው ሽታ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከላይ እንቦጭ የሚባለው አረም አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ብዙውን ቦታ ሸፍኖታል፤ ሐምራዊ አበባው የማያውቀውን ሰው ያታልላል። «እኔ ልጅ ሳለሁ ይህን ውኃ እንጠጣው ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ ስለ ውኃው አልተናገሩም።

ቢሆንም ወፎቹ አሉ። መጀመሪያ ጋጋኖዎቹ ከማደሪያቸው እየጮኹ መጡ፤ ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በሌላ አገር አይገኝም፥ ጩኸቱ ግን የዓለምን ሁሉ ድርሻ ይበቃል። ቀጥሎም ከሽምብራው እርሻ ላይ ረዣዥም እግር ያላቸው፥ ክሬን የሚባሉ ግራጫ ወፎች ታዩ፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው፥ አረማመዳቸውም የመሥሪያ ቤት አለቃ ኮሪደር ላይ ሲሄድ ይመስላል። ከውኃው መካከል ዳክዬዎቹ እንደ ተበተነ ኑግ ጠቁረው ተኝተዋል። የግብፅ ዝይ የሚባሉት ቡናማ ዝዮች ደግሞ ከእኛ ሠላሳ እርምጃ በማይርቅ ዳር ላይ ሣር ይግጡ ነበር። በየዓመቱ በጥር ወር በመላው አፍሪካ የውኃ ወፎች ቈጠራ ይደረጋል፤ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግም ለወፎች እጅግ ከሚያስፈልጉት ቦታዎች አንዱ ሆኖ በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በመዝገብ መስፈር ግን አጥር አይሆንም።

ካሜራዬን በሦስት እግሩ ላይ አቆምሁ፤ ዝዮቹ በራሳቸው ጊዜ እስኪነሡ ልጠብቅ ቈረጥሁ። ወፍን ለፎቶግራፍ ብሎ ማስደንገጥ ነውር ነው። ያን ያህል አገር አቋርጦ የመጣ ወፍ የሚመለስበትን ስብ የሚያጠራቅመው በእነዚህ ወራት ስለ ሆነ፥ በየጊዜው ያስነሡት እንደ ሆነ ስንቁን ማቃጠል ነው። ይህን ሁሉ በልቤ እያሰላሰልሁ፥ ጣቴም ከጉንፋን ጋራ ወደ አፍንጫዬ ሄዶ ሳለ፥ አጠገቤ «ሆ! ሆ! ሆ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሽማግሌው ነበሩ። ዱላቸውን አግድመው፥ ደረታቸውን ነፍተው፥ ፊላውን እየደበደቡ ወደ ውኃው ገብተዋል። ዝዮቹ ተነሡ፤ ከእነርሱ ኋላ ዳክዬው ሁሉ ተነሣ፤ ሰማዩ ክንፍ ብቻ ሆነ። እንደ ምንም ብዬ ወደ ካሜራው ተወርውሬ ሦስት ጊዜ አነሣሁ። ሁለቱ ጭስ ናቸው። ሦስተኛው ጥርት ያለ ነው፤ ላባው ይቈጠራል፥ ዐይኑ ያበራል፤ ነገር ግን ዝዩ ከምስሉ ጠርዝ ላይ ስለ ዋለ አንድ ክንፉና ጭራው ቀርተዋል።

ተመልሰው መጡና በካሜራው መስኮት ላይ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «አይ ልጄ፥ አንተም ግማሹን አስቀረኸው!» አሉ፤ ሣቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ። ልቈጣቸው ይገባኝ ነበር። አልተቈጣሁም። እንዲያውም፥ ይቅር በሉኝና፥ ስድሳ አራት ዓመት አልፎ ያንን ድምፅ ከዚያ ደረት ሲወጣ በመስማቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ማንም ሰው ጠመንጃ ይዞ ወደዚህ ውኃ ሊመጣ አይችልም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ስለዚህ ጥይቱ ጠፍቷል። የቀድሞው እርሳስ ግን ከጭቃው ውስጥ አለ፤ ዳክዬ ምግቡን የሚፈጭበትን ጠጠር ሲፈልግ አብሮ ይውጠዋል፥ እርሳስም መርዝ ነው። ከዚያም በላይ በዚህ ዘመን ወፉን የሚያባርረው ጌታና እንግዳ አይደለም። ቤት መሥሪያ ቦታ፥ የፋብሪካ ፍሳሽ፥ የእንቦጭ አረም፥ ሁላችንም ከቧንቧችን የምንለቅቀው እጣቢ ነው። ጌታውን በአዋጅ ማስነሣት ተችሏል። እጣቢው በየትኛው አዋጅ እንደሚነሣ የምታውቁ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በመካከላችሁ ካላችሁ፥ ሥራው የእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ምሳ ከቤታቸው በላን፤ ከዚያ የፎቶግራፉን ቦታ ፍለጋ ወጣን። የባለ ርስቱ ቤት ፈርሶ መጋዘን ሆኗል፤ የመንገዱ አቅጣጫ ተለውጧል፤ ሽማግሌውም «እዚህ ነበር» ያሉትን ቦታ ሦስት ጊዜ ለወጡት። የረዳን ያው ወረቀት ነው። እናንተም የአባቶቻችሁን ፎቶግራፍ ቦታ መፈለግ ብትሹ ይህን ዘዴ ያዙ፤ ሰውንና ቤትን ትታችሁ ተራራውን ተመልከቱ። በፎቶግራፉ ላይ፥ ከአሽከሮቹ ራስ በላይ፥ የዝቋላ ተራራ ጫፉ እንደ ተቈረጠ ሞሰብ ሆኖ ይታያል፤ ከእርሱ ወዲህ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች፥ ጫፏም የዝቋላን ግራ ትከሻ ትነካለች። ዝቋላ ሩቅ ነው፥ እናንተ ብትራመዱም ከቦታው አይናወጥም፤ ቅርቧ ጉብታ ግን በተራመዳችሁ ቍጥር ወደ ጎን ትሄዳለች። ጉብታዋ የተራራውን ትከሻ እስክትነካ ድረስ ሂዱ፤ ስትነካ ቁሙ። ሰዓቱን ደግሞ ጥላው ነገረን። ካሜራው ወደ ደቡብ እያየ የሰዎቹ ጥላ ወደ ግራ ስለ ወደቀ፥ ፀሐይ በቀኝ፥ በምዕራብ በኩል ነበረች ማለት ነው። ስለዚህ የተነሣው ከሰዓት በኋላ ነው።

በ10 ሰዓት ግድም ጉብታዋ ከዝቋላ ትከሻ ጋራ ተገናኘች። የቆምንበት ቦታ የሽንኩርት እርሻ ነበር፤ አንድ ወጣት በሞተር ከወንዙ ውኃ እየሳበ ያጠጣል። ነገሩን ስናስረዳው ሞተሩን አጠፋና ሊያይ መጣ። ሽማግሌው ወረቀቱን አንድ ጊዜ፥ መሬቱን አንድ ጊዜ እያዩ፥ ሽንኩርቱን ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ ወደ ቀኝ ሄዱና ከአንድ ቦይ ዳር ቆሙ።

«አባባ፥ ወደ መካከል ይምጡ እንጂ፤ ዛሬ እኮ ብቻዎን ነዎት» አልኋቸው።

«አልመጣም» አሉ። «የቆምሁት እዚህ ነው። አንተ ወረቀቱን ወደዚህ አምጣው።»

ካሜራውን አዞርሁት። ዝቋላ ወደ ግራ ሄደች፥ እርሳቸው መካከል ገቡ። እጃቸውን ግን የሚያደርጉበት አጡ፤ አንዴ ከጋቢያቸው ሥር ይከቱታል፥ አንዴ ያወጡታል። ወጣቱ ይህን አይቶ ሁለት እስር ሽንኩርት ከነቅጠሉ ነቅሎ አመጣላቸው። ቅጠሉን ጨብጠው፥ ራሱን ወደ ታች አንጠለጠሉት፤ ክንዳቸው በፎቶግራፉ ላይ እንዳለችው እጅ ቀጥ አለች።

አነሣኋቸው። ቀረብ ብለው በካሜራው መስኮት ላይ ራሳቸውን ፈለጉ፤ ዐይናቸው ደከም ስላለ ፊታቸውን ከመስተዋቱ ሊያገናኙት ጥቂት ቀራቸው።

«እግሬ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለ፥ አባባ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»